እጅ እስኪነሳ

ሰኔ 14

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሲስተር ሰናይት ናት። መሐል ሜዳ ሆስፒታል የወገብና የመገጣጠሚያ ሕክምና ትሠራለች። ባለፈው ወር በአካባቢው ያለን ወጌሾች ሰብስባ ሦስት ቀን አሠለጠነችን። "የመጣውን ሰው ስም፣ የነካችሁትን ቦታ፣ ያደረጋችሁትን ጻፉ" አለች። ስምንት ነበርን፤ መጻፍ የምንችለው ሁለት ነን። ዘጠነኛ ክፍል ድረስ መማሬ ለዚህ ሊጠቅም ኖሯል።

እንግዲህ ልጻፍ። ዛሬ ከበቅሎ የወደቀ የዘመሮ ሰው መጣ። ግራ ትከሻው ወልቋል። ልብሱን ሳላስወልቅ ነው ያወቅኩት፤ በር ላይ ሲቆም ክንዱን ታቅፎ ነበር። በቅሎዋን ማን እንደገራት ጠየቅኩት። አማቴ ነው ብሎ አማቱን መስደብ ሲጀምር ሰውነቱ ላላ፤ ያኔ ጎትቼ መለስኩት። ስድቡን ሳይጨርስ ክንዱ ገባ። የእኛ ሥራ ግማሹ ወሬ ነው፤ ሕመምተኛው ሌላ ነገር ሲያስብ አጥንቱ መንገዱን ያገኛል።

ከዚህ በታች ያለው ለሲስተር አይደለም። ሥልጠናው ላይ ያለችው አንድ ነገር አናዶኛል። "ጀርባው ላይ ጉብ ያለበት፣ እየከሳ የሚሄድ፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቀው ሰው ከመጣ አትጫኑት፤ ወደ እኛ ላኩት" አለች። አባቴ ወልደ ጻድቅ አርባ ዓመት ሙሉ ጀርባ ሲያቃና ማንንም የትም አልላከም። እሷ ያኔ አልተወለደችም።

ሰኔ 18

ከወንዙ ማዶ ያለችው ዘነበች ልጇን ይዛ መጣች። ምንይሉ ይባላል፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ልጅ የላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የሚያርስላት እሱ ነው።

እኔ ሰውን በፊቱ ሳይሆን በአረማመዱ ነው የማውቀው። ምንይሉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እርምጃው ረጅም ነው፤ ግራ ተረከዙን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል። በጉም ውስጥ ሆኖ እንኳ ሲመጣ እለየዋለሁ። ዛሬ ግን እናቱን ተደግፎ፣ መሬቱ እንደሚከዳው ሰው እየፈራ ነው የመጣው። የዘር ገብስ ጆንያ ሲያነሳ ወገቡን ቀጭ አለው።

አስተኝቼ ዳሰስኩት። ጀርባው መሐል ላይ አንድ አጥንት ወጣ ብሏል። አውራ ጣቴ ሳልፈልገው አገኘው። ከስቷል፤ በሰኔ የማይከሳ ገበሬ ማን አለ? ዘነበች "ሌሊት ያልበዋል" አለችኝ። ሁለት የሱፍ ባና ደርባ እያለበሰችው ማን አያልበውም አልኳት።

"እጄን ጥዬበታለሁ" አልኳት። በእኛ ዘንድ ወጌሻ እጁን ከጣለ፣ ራሱ በአፉ "እጄን አንስቻለሁ" እስኪል ድረስ በዚያ ሰው ላይ ሌላ እጅ አይገባም፤ የሐኪምም ቢሆን። ከገባ አጥንቱ ለማን እንደሚታዘዝ ግራ ይገባዋል ይባላል። አባቴ በዕድሜው እጁን ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ሰውየው ሞቶ ነበር።

ዘነበች እጄን ስማ "ይነሳል አይደል?" አለችኝ። "ይነሳል" አልኳት።

ሰኔ 24

ምንይሉን ለሦስተኛ ጊዜ አሸሁት። ቅቤ አሙቄ ከላይ ወደ ታች። ሦስቴ ስጫን ቀጭ አለ። ሲገባ እንደዚያ ይላል። ድምፁ ግን ደረቅ አልነበረም። እርጥብ ነበር።

"ከወገቤ በታች ሞቀኝ" አለ። ደሙ ተለቀቀ አልኩት።

ሐምሌ 1

ዝናብ። ወንዙ ስለሞላ ዞሬ በድልድዩ ሄድኩ። ምንይሉ ቆሞ ሽንቱን መሽናት አቅቶት እናቱ ደግፋው አገኘሁት። እግሬ ከበደኝ ይላል። ጀርባው ግን አያመውም። ሕመሙ ወጥቷል ማለት ነው። ዘነበች ፊቴን ስታይ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኳት። ሳቀች፤ በመሳቋ ደስ አለኝ።

ሐምሌ 6

ዛሬ የሆነው አልገባኝም። አንዲት የራቤል ሴት አንገቷ ተይዞ መጣች፤ እንጨት ስትሸከም ውላ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ከአንገቷ ወደ ታች እያሸሁ ጀርባዋ መሐል ስደርስ አውራ ጣቴ ያንን አጥንት አገኘው። የምንይሉን። ልክ እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ያህል ወጥቶ፣ ሥሩ ለስለስ ብሎ።

በዓይኔ አየሁት። ጀርባዋ እንደ ገበታ ለጥ ያለ ነው። እጄን መልሼ ሳስቀምጥ አጥንቱ እዚያው አለ።

ሴትየዋ አንገቷ ተመልሶላት፣ ዞራ ዞራ እያየች፣ መርቃኝ ሄደች። መቼ እንደጀመራት ስትደብቀኝ ነበርና "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብዬ ተቆጥቻታለሁ። አሁን ሳስበው ተቆጥቼ መናገሬ አስገርሞኛል። እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበርኩም።

ሐምሌ 11

ምንይሉ ዘንድ ሄድኩ። እናቱ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። የእግሩን መዳፍ መረመርኩ። ስላየሁት ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ሐምሌ 12

ቦቲዬ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አደረ። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው መሰለኝ። የክዳኑ ጓሳ ሣር መቀየር አለበት።

ሐምሌ 14

ጣሪያውን አየሁት። ቦቲው ካለበት በላይ ደረቅ ነው። ቦቲው ላይ ጭቃም አለ። ትናንት ሳልጠርገው ትቼው ይሆናል።

ባለቤቴ ሰርካለም ወገቧን እንዳሽላት ጠየቀችኝ። እጄን ጀርባዋ ላይ ሳደርግ ያው አጥንት። ደክሞኛል ብዬ ተውኩት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ደክሞኛል ብያት አላውቅም።

ሐምሌ 17

ዘነበች ዛሬ ራሷ መጣች። ስለ እግሩ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ስፈራ ሌላ ነገር አወራችኝ።

"ጋሽ አጥናፉ፣ ማንንም እንዳይነግሩብኝ። ጎህ ሊቀድ ሲል አንድ ሰው አጥራችን ጥግ ይመጣል።"

"ሌባ ነዋ።"

"ሌባስ ውሻው ይጮህበታል። ይሄን ግን ጭራውን እየቆላ ነው የሚቀበለው። ኮቴውን አዳምጫለሁ። የልጄ ኮቴ ነው።" ይህን ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ልጄ ደግሞ አጠገቤ ተኝቷል። እግሩ ብቻውን ወጥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለኝ።"

ጸሎት አድርጊ አልኳት። ምን ልበላት?

ሐምሌ 18

አጥሩ ጥግ ሄጄ ዱካውን አየሁት። የሰው ዱካ ማንበብ ሥራዬ ነው፤ አልታለልም። እርምጃው ረጅም፤ ግራ ተረከዙ ጭቃው ውስጥ ጠልቋል። ቀኙ ቀለል ያለ ነው። የምንይሉ ነው። የቆመበት ቦታ ተረግጦ ተደልድሏል፤ ብዙ ቆሟል ማለት ነው።

እኔ ቀኝ ጉልበቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ፤ አጭር አጭር እየረገጥኩ በቀኜ አነክሳለሁ። ይህን የምጽፈው ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የጫማው ሶል የቦቲ ነው። ገበያ የሚሸጠው ቦቲ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ሐምሌ 22

ሰርካለምና ጎረቤታችን ጌታነሽ ጓሮ ባቄላ ሲኮተኩቱ ሲያወሩ ሰማሁ። መስማቴን አላወቁም።

"ጎህ ሳይቀድ ይነሳል" ትላለች ሰርካለም። "ብጠራው አይሰማኝም። ዓይኑ ግን ተገልጧል። ሲሄድ ብታዪው ጎረምሳ ነው የሚመስለው። ያ ማነከሱ የለም።"

"ጸበል ውሰጂዋ።"

"ቀን ምንም የለውም እኮ። ብነግረው ይቆጣኛል።"

ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ጌታነሽ የታመመ ወንድም አላት።

ሐምሌ 26

ዛሬ ቤቷ ስሄድ ዘነበች ፊት ለፊት መጣችብኝ። "ምንይሉ ፈሳሽ እንጂ ምግብ አልሄድለት አለ። እግሩን ራሱ አያዞረውም፤ እኔ ነኝ የማዞርለት። እርስዎ እጅዎን ቢያነሱልኝ መሐል ሜዳ ልወስደው ነበር።"

"ሌላ ሰው ነገረሽ?"

"ማንም። እርስዎ ካላነሱ አልወስደውም። የልጄን አጥንት አላጣላም።"

ፍልሰታ ይግባ፣ ከዚያ እናያለን አልኳት። "ይነሳል?" አለችኝ። "ይነሳል" አልኳት። ከጀርባዬ ምንይሉ ሲያየኝ ተሰማኝ። ዞሬ ግን አላየሁትም።

እጄን ባነሳ ምን ይባላል? የወልደ ጻድቅ ልጅ አቃተው ይባላል። ከዚያስ ማን ይመጣል? ትከሻው የወለቀ፣ ክንዱ የተሰበረ ሕፃን፣ ሆስፒታል ለመድረስ አቅም የሌለው ሁሉ ማን ጋ ይሄዳል? እንዲህ እያልኩ ዋልኩ። ለእነሱ አስቤ እንደሆነ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ስጽፈው ግን የራሴን ስም ነው ያስቀደምኩት።

ሐምሌ 29

ዛሬ አንድም ሰው አልነካሁም። ሦስት ሰው መለስኩ። አንዱ እግሩ ወለም ያለው ነው፤ ያንን ሰርካለም እንኳ ትመልሰዋለች። እጄን ታጠብኩ፤ አጥንቱ አውራ ጣቴ ላይ አለ። መሶብ ስይዝ አለ። በር ስገፋ አለ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ማታ ሰርካለም ስትተኛ ከምድጃው አመድ አፍሼ ደጃፉ ላይ በተንኩ። ሌባ ከሆነ ይታወቅ ብዬ ነው።

ነሐሴ 2

ሲወጣ የምንይሉ ዱካ ነው። ረጅም፣ ግራ ተረከዙ የጠበቀ።

ሲመለስ የእኔ ነው።

አመዱን ሰርካለም ሳትነሳ ጠረግኩት።

ነሐሴ 5

እጄን አነሳሁ።

ዘነበች ቤት ገብቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ምሰሶው አጠገብ ቆሜ "እጄን አንስቻለሁ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ከዚያ ዝም ማለት ሲገባኝ ጨመርኩበት፦ "አጥንቱን ጨርሻለሁ፤ የቀረው የደም ሕመም ነው፤ እሱ የሐኪም ነው።" አጥንቱን ጨርሻለሁ። እንደዚያ ነው ያልኩት፤ በጾም።

ዘነበች መሬት ስማ ተነሳች። ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛ ተሠራ። ምንይሉን ሲያነሱት እግሮቹ ተንጠለጠሉ። ሲወጣ ውሻው አልተከተለውም፤ እኔ አጠገብ ቀረ።

ነሐሴ 6

እስከ መንገዱ በቃሬዛ፣ ከዚያ በሚኒባስ። እኔም ሄድኩ፤ መቅረት ነውር ነው።

ራጅ አነሱት። ሲስተር ሰናይት ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዛ አሳየችኝ። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያናገረችኝ፤ ያ ይበልጥ ጎዳኝ። "የአከርካሪ ቲቢ ነው፣ ጋሽ አጥናፉ። አጥንቱን በልቶት ፈርሷል፤ መግሉ ነርቩን ተጭኖታል። ያኔ ያልኳችሁ ይሄ ነው።" የተጫነው መግሉ ብቻ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወደ ዘነበች ዞራ ጠየቀች። "እግሩ ሲነካ መስማት ያቆመው መቼ ነው? ትክክለኛውን ቀን እፈልገዋለሁ። ሳምንት ካልሞላው ቶሎ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለት እግሩ የመመለስ ዕድል አለው። ብዙ ከቆየ መድኃኒቱ ሕይወቱን ያተርፈዋል፤ ስለ እግሩ ግን ቃል አልሰጥም። በሪፈር የሚቀበለው የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም የሚወስነው እኔ በምጽፈው ነው።"

ዘነበች አሰበች። "ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ነው። አምስት ቀን ቢሆን ነው። ከዚያ በፊት ሕመሙ እየወጣለት ነበር፤ ጋሽ አጥናፉ ያውቃሉ።"

ሲስተር ወደ እኔ አየች። ምንይሉም አየኝ። እኔ ባርኔጣዬን አየሁ።

"አምስት ቀን" ብላ ጻፈች። የዘነበች ፊት በራ። እኔ የመጨረሻውን ሚኒባስ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

ሌላ ቀን እጽፋለሁ ያልኩትን ልጻፈው። ሐምሌ 11 ቀን እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከአጥሩ የቀጋ እሾህ ሰብሬ የምንይሉን እግር መዳፍ ወጋሁት። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ደም ወጣ። እሱ ስለ በሬው እያወራኝ ነበር። ወሬውን አላቋረጠም።

ነሐሴ 7

ዛሬ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ቆሜ ነበር። አልጋዬ ላይ አይደለም፤ ዘነበች አጥር ጥግ። ጉሙ ከወንዙ ወጥቶ ቤቱን ሸፍኖታል። ቤቱ ባዶ ነው፤ ሁለቱም ሆስፒታል ናቸው። ውሻው እግሬ ሥር ተኝቶ ያየኛል።

ልመለስ ብዬ ዞርኩ። ነቅቻለሁ፤ ስሜን አውቃለሁ፤ ቀኑን አውቃለሁ። እግሬ ግን የራሴን አረማመድ አልሄድ አለኝ። ረጅም ረጅም እየረገጠ ወሰደኝ፤ ግራ ተረከዜ ጠበቅ፣ ቀኙ ቀለል። ጉልበቴን ምንም አላመመኝም። ሃያ ዓመት እንደዚያ ሄጄ አላውቅም። ላቆመው ሞከርኩ። አልቆመም። ወደ ቤቴ የሚያስገባውን መንገድ አለፈው። ሰርካለም በር ላይ ቆማ ስሜን ስትጠራ ከጉሙ ውስጥ ሰማሁ። አለቀስኩ። ከፍርሃት ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ያለቀስኩት ግን እኔ ነኝ።

አስፋልቱ ዳር ሲደርስ ቆመ። ሚኒባስ መጣ።

ሆስፒታል ስገባ በቀኜ እያነከስኩ ነበር። ሲስተር ሰናይት ለመኪናው ወረቀት እያዘጋጀች ነው። ዘነበች አልጋው ዳር ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አጥባ ለመንገድ ተዘጋጅታለች። ስታየኝ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም።

"ሲስተር፣ ቀኑ አምስት አይደለም። ሐምሌ አሥራ አንድ ነው። በእሾህ ወግቼው አልሰማም። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በፊት ሰኔ ሃያ አራት ተጭኜዋለሁ፤ እርጥብ ድምፅ ሰማሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

ስክሪብቶው ቆመ። ሲስተር በጣቷ ቆጠረች። "ሃያ ስድስት ቀን" አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው።

ምንይሉ ከትራሱ ሳይነሳ ተናገረ። "እኔም አውቀዋለሁ። ደሙን አይቼዋለሁ፤ ወሬዬን የቀጠልኩት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። በኋላ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጅዎ ላይ እያለሁ እኔ እንዴት እናገራለሁ?"

ሲስተር "አምስት" የሚለውን ሰርዛ ሌላውን ጻፈች። መኪናው ይሄዳል አለች፤ ሐኪሙ ያየዋል፤ የሚቻለው ሁሉ ይደረጋል። ዘነበች እሷን አልሰማቻትም። ስትሰድበኝ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ብርድ ልብሱን ከልጇ እግር ላይ ገለጠችው። ሁለቱ እግሮች እናቱ ባስቀመጠቻቸው ቦታ ተጋድመዋል፤ ቀጥነዋል፤ የራስ ቅቤ ቀብታቸዋለች።

"ጋሽ አጥናፉ" አለችኝ። ድምጿ ዝግ ያለ ነው። "ሰባት ሳምንት ሙሉ በጠየቅኩዎት ቁጥር ይነሳል ሲሉኝ ነበር። እኔ የተኛሁት በዚያች ቃል ነው። ዛሬም ይበሉኝ።"

ምንይሉ ዓይኑን ጨፈነ። ኮሪደሩ ላይ አልጋ የሚገፋ ሰው መንገድ ልቀቁ ይላል። ዘነበች ጠበቀችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የእውነት ነበር የምትለምነኝ።

አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ሲስተር ሰናይት መጥታ እግሩን መልሳ አለበሰችው።